ቀስ ብለህ ላክ

ባለፈው ማክሰኞ እዚሁ ዳንግላ ከአንዲት የስልክ ሱቅ ገብቼ ነበር። ልጄ ከባሕር ዳር አዲስ ስልክ ልኮልኝ፣ በአሮጌው ስልክ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ወደ አዲሱ የሚያዛውርልኝ ሰው ፈልጌ ነው። ባለሱቋ ልጅ እግር ናት፤ ትሕትናዋ አይነቀፍም፣ «አባቴ» እያለች ነው የምታናግረኝ። ግን ስትናገር ቃሉ ከቃሉ ይደራረብባታል። እዚህ ጋ ይጫኑ፣ ይህን ይንኩ፣ ከዚያ እሺ ይበሉት፣ አለቀ። እኔ ገና የመጀመሪያውን እየፈለግሁ ነው።

«ቀስ በይልኝ ልጄ» አልኳት። ጆሮዬም እንደ ድሮው እንዳልሆነ ነገርኳት። ፈገግ አለችና ያንኑ በዚያው ፍጥነት ደገመችልኝ፤ የጨመረችው ድምፅ ብቻ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ቀስ በይ አልኳት። ሦስተኛውን ስል ከኋላዬ የቆመውን ሰው ማስተናገድ ጀምራ ነበር። ስልኬን ኪሴ ከትቼ እየተነጫነጭኩ ወጣሁ። የዘንድሮ ልጅ እንዲህ ነው፣ ሽማግሌ አያውቅም፣ እያልኩ ከአንድ ባጃጅ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ባጃጁ ገና ከአስፋልቱ ሳይደርስ ጣቴ ጉልበቴን ሲመታ አየሁት። ዳ ዳ ዲ ዳ፣ ዲ ዳ ዲት፣ ዲ ዲ ዲት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ይህን ምት መትቼው አላውቅም፤ እኔ ብረሳው ጣቴ አልረሳውም። ትርጉሙ «ቀስ ብለህ ላክ» ነው። ከዚያ በኋላ በልጅቷ ላይ መቆጣቱን ተውኩት። በዚህ ጉዳይ ለመቆጣት መብት የሌለው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ እንጅባራ የሚሏትን ከተማ ያኔ ብዙው ሰው ኮሶበር ይላት ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ እናቴ ቤት እየበላሁ መንገድ የምቆጥር የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። በዚያን ሰሞን አስር አለቃ ደምሴ የሚባሉ ሰው ሠራዊቱ ሲበተን ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ ከዋናው መንገድ ዳር ሬዲዮ መጠገኛ ከፍተው ነበር። በውትድርናቸው የመገናኛ ሰው ነበሩ። መሣሪያቸውን አስረክበው በእግራቸው ነው የመጡት፤ ከእጃቸው ያልተወሰደባቸው አንድ ነገር ቢኖር የሞርስ ኮድ ነው ይሉ ነበር። አጭርና ረጅም ድምፅ እያፈራረቁ ፊደል መላክ ማለት ነው፤ አጭሩ ዲት፣ ረጅሙ ዳ።

አስር አለቃ ስለ አማተር ሬዲዮ ሰዎች ሲያወሩ ፊታቸው ይፈታ ነበር። በዓለም ላይ ለሥራ ሳይሆን ለወዳጅነት ብቻ በሬዲዮ የሚጠራሩ ሰዎች አሉ፤ አንዱ ከባሕር ማዶ ሆኖ «እንደምን አለህ፣ አገርህ ዘነበ ወይ» ይላል፣ ሌላው ይመልስለታል። ይህን ሰምተን ነው ሦስታችን የተሰበሰብነው፦ እኔ፣ ፈንታሁንና ራሔል። ማሰራጫም ፈቃድም አልነበረንም። በአየር ላይ ድምፃችንን ያሰማንበት አንድም ቀን የለም። የነበረን አንድ ሽቦ፣ ሁለት በጣት የሚመታ መምቻ፣ ሁለት ማዳመጫና በባትሪ ድንጋይ እየሠራ በማዳመጫው ብቻ የሚጮህ ትንሽ ሳጥን ነው። ሽቦው ከአስር አለቃ ሱቅ ተነሥቶ፣ በአጥሮች ላይ አልፎ፣ የራሔል አባት ከሚያገለግሉበት የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት አዳራሽ ይገባል። ከሱቅ የተላከውን አዳራሽ ያለው ይጽፋል፣ ከአዳራሽ የተላከውን ሱቅ ያለው። የፈንታሁን አክስት «ጴንጤ ቤት ምን ልትሠራ ነው የምትመላለሰው» እያለች ትጨቀጭቀው ነበር። ሽቦ ሃይማኖት የለውም ብሎ ይመልስላት ነበር።

ፈንታሁን ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ወዲያ ካለ የገበሬ መንደር የመጣ ነው። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባቱ ሲሞትበት ትምህርቱን ከስምንተኛ አቋርጦ ዕርፍ የጨበጠ ሰው ነው፤ እንደገና ለመማር ብሎ ነበር ኮሶበር አክስቱ ዘንድ የተጠጋው። ቤቱ አዊኛ ነው የሚነገረው፤ አማርኛውን ሲጽፍ ቃሉን አንድ ጊዜ በልቡ ይለዋል፣ ከዚያ ነው እጁ የሚንቀሳቀስ። እጁ ሰፊ ነው፣ መዳፉ የሻከረ። በዚያ እጅ መምቻውን ሲይዘው የሚሰብረው ይመስላል። ሲመታ ግን አስር አለቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያዳምጡት። «የፈንታሁን እጅ የገብስ ቆሎ ነው፤ እያንዳንዷ ፍሬ ለብቻዋ ትሰማለች» ይሉ ነበር። ስለ እኔ እጅ ሲጠየቁ ደግሞ፣ «የአየነውማ ክረምት ነው፣ ይወርዳል» ብለው ይስቃሉ። አብሬ እስቃለሁ። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር፤ ከሁላቸው ፈጣን እኔ ሆኜ ሳለሁ ምስጋናው ለእሱ የሚሄድበት ምክንያት አይገባኝም ነበር።

የአስር አለቃ ሕግ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ የሚልክ ሰው ከመካከላችን በጣም ዘገምተኛው ከሚጽፍበት ፍጥነት አያልፍም። «መፍጠን ለማንም አይከብድም፤ የሚከብደው መጠበቅ ነው» ይሉናል፤ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ያልሰማንበት ቀን አልነበረም። ተቀባዩ ካቃተው «ቀስ ብለህ ላክ» የሚሉትን ሦስት ፊደላት ይመታል፤ ላኪው ሲሰማ ወዲያው ያዘግማል። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር አልነበረም። ነውሩ ተጠይቆ አለማዘግየት ነው። ያላዘገየ ሰው ቅጣቱ የታወቀ ነው፦ አስር አለቃ በምድጃ ላይ የሚቀቅሉትን ድንች ለሁላችን ይልጣል። የዚያ አገር ድንች ስትቀቀል ትፈነዳለች፤ ትኩሷን በጣት እየተቃጠሉ ልጦ፣ በበርበሬና በጨው አጥቅሶ ለሌላው ማቅረብ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ክረምት ከሁሉም ብዙ ድንች የላጥኩት እኔ ነኝ። «በል እንግዲህ፣ ልጠህ አብላን» ይለኝ ነበር ፈንታሁን እየሳቀ።

ሁለተኛው ሕግ፣ ያልሰማኸውን አትጻፍ የሚል ነው። ያመለጠህን ቦታ ባዶ ትተወዋለህ እንጂ በግምት አትሞላውም።

ሽቦውን የዘረጋው ፈንታሁን ነው። ቀርከሃውን ከመንደሩ በትከሻው አምጥቶ ምሰሶ ተከለበት። የኮሶበር ዝናብ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ሰኔ የገባ ጉም እስከ መስከረም አይለቅም። ዘንቦ ባደረ ቁጥር፣ ወይም ጋሪ አጥሩን ገጭቶ ባለፈ ቁጥር፣ ፈንታሁን ከሱቁ ተነሥቶ እስከ አዳራሹ ድረስ ሽቦውን በመዳፉ እየዳበሰ ይሄዳል። የላላውን ያጠብቃል፣ የተበጠሰውን ይቀጥላል። እኔ አንድ ቀን እንኳ ላግዝህ አላልኩትም።

በነሐሴ አጋማሽ አስር አለቃ ወሬ ይዘው መጡ። በውትድርና ያውቁት የነበረ፣ አዲስ አበባ በአንድ የሬዲዮ ማሠልጠኛ የሚያስተምር ሰው በመስከረም ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ያልፋል። መንገዱን አቋርጦ ሊፈትነን ተስማምቷል። ፈተናው ቀላል ነው፦ በዝግታ፣ በደቂቃ አምስት ቃል መላክና መቀበል። ያለፈ ሰው ከእሱ ወረቀት፣ ከአስር አለቃም ደብዳቤ ይዞ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይለፍ አይለፍ ሳይባል ማሠልጠኛው ይገባል። ቦታው ለሦስታችንም ይበቃል፤ ይህን አስር አለቃ ደጋግመው ነግረውናል፣ እኔም በደንብ አስታውሰዋለሁ።

ራሔል ብታልፍም ባታልፍም ግድ አልነበራትም፤ አዲስ አበባ ዘመድ አላት። እኔም ዓመቱን ጠብቄ ማትሪክ መድገም እችል ነበር። ፈንታሁን ግን አጎቱ ቀን ቆርጠውበታል። እስከ መስቀል ነገር ካልተሳካለት ተመልሶ መሬቱን ሊያርስ፣ ያጩለትንም ሊያገባ ተስማምቷል። አንድ ቀን ድንች እየበላን፣ እንደዋዛ፣ «ከዚህ ወረቀት ሌላ በር የለኝም» አለኝ። አይዞህ አልኩት። አይዞህ ማለት ምን ችግር አለው።

እንግዳው የመጣው መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነበር። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰው ነው፤ የእኩለ ቀኑ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ፈርቷል። ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ አንዱ ሲልክ የላኪነቱን፣ ሌላው ሲጽፍ የተቀባይነቱን በአንድ ጊዜ ሊፈትን ወሰነ። እሱ ከላኪው ጋር ሱቅ ውስጥ ይቀመጣል፤ አስር አለቃ ከተቀባዩ ጋር አዳራሽ ይሆናሉ፣ መናገር ግን አይፈቀድላቸውም። ተቀባዩ ካቃተው በተለመደው ምት ቀስ በልልኝ ማለት ይችላል፤ ይህንም ለሁላችን ነገረን። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው መላክ ግዴታ አልነበረም፣ ጊዜው ሲያልቅ የደረሰበት ቦታ ይቆማል።

መጀመሪያ ፈንታሁን ላከ፣ ራሔል ተቀበለች። ቀጥላ ራሔል ላከች፣ እኔ ተቀበልኩ። ሁላችንም ደህና ነበርን። የቀረው የእኔ መላክና የፈንታሁን መቀበል ነው።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቼ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን መሥመር በደንቡ ላክሁ፤ ፈንታሁን የሚጽፍበትን ፍጥነት እንደ ራሴ እርምጃ አውቀዋለሁ። በዚህ መካከል እንግዳው ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ እጄን ተመለከተና፣ «ጎበዝ ነህ። አንተ ከዚህም በላይ ትችላለህ» አለኝ።

ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልተፈጠረም። አላስገደደኝም፣ ፍጠንም አላለኝም። እኔ ግን ክረምቱን በሙሉ ያንን ቃል ስጠብቅ እንደከረምኩ ያወቅሁት ያኔ ነው። እጄን ለቀቅሁት። ፍጥነቱ ሲጨምር የሰውዬው ቅንድብ ከፍ ሲል አየሁ፤ ያን እያየሁ ጨመርኩ።

በሁለት ቃል መካከል ያለችው ትንፋሽ ውስጥ ሰማሁት። ዳ ዳ ዲ ዳ፣ ዲ ዳ ዲት፣ ዲ ዲ ዲት። የፈንታሁን እጅ ነው፤ እያንዳንዷ ፍሬ ለብቻዋ። እንግዳው ማዳመጫ የለውም፣ ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ይህን መሥመር ልጨርስና አዘግማለሁ አልኩ በልቤ። መሥመሩ አለቀ፣ አላዘገምኩም። እንደገና ጠራኝ፤ ያኔም በዚያው ጥራት፣ ሳይጣደፍ። አሁን ባዘግም ፊተኛውን ሰምቼ ዝም እንዳልኩ ይታወቅብኛል ብዬ አሰብኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። በቃላቱ መካከል የነበረችውንም ትንፋሽ አጠበብኋት፣ ገብቶ የሚጠራበት ቦታ እንዳያገኝ። ከዚያ በኋላ አልጠራኝም።

ሁላችንም አዳራሹ በር ላይ ተሰበሰብን። እንግዳው የፈንታሁንን ወረቀት አየ። የመጀመሪያው መሥመር ሙሉ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እዚህም እዚያም አንድ ቃል፣ የቀረው ባዶ። በግምት የሞላው አንድም ቦታ አልነበረም። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ እኔና ራሔል ማለፋችንን ነገረን፣ ፈንታሁንን ግን አዝኖ፣ ለከርሞ ተዘጋጅተህ ጠብቀኝ አለው።

አስር አለቃ ወደ እኔ ዞሩ። ፈንታሁን ሁለት ጊዜ መምቻውን ሲመታ አጠገቡ ተቀምጠው አይተዋል።

«ማዳመጫው ጆሮህ ላይ ነበር?» አሉኝ።

«ነበር።»

«ሲጠራህ ሰማኸው?»

«አልሰማሁም» አልኩ።

ፊቴን አተኩረው አዩኝ። ከዚያ አስተያየት ያወጣኝ ራሱ ፈንታሁን ነው። «ሽቦው ይሆናል። ሌሊት ዘንቦ አድሯል» አለ። ይህን ብሎ ሱሪውን ወደ ላይ ጠቀለለና ወደ ጭቃው ገባ። ከአዳራሹ ግድግዳ ጀምሮ ሽቦውን በመዳፉ ይዞ፣ ምሰሶ በምሰሶ እየዳበሰ ሄደ። በአጥሩ ሥር ጎንበስ ሲል፣ የውሃው ጠብታ እጅጌው ውስጥ ሲገባ፣ ቀና ብሎ ሲቀጥል ሁላችንም ቆመን እናየው ነበር። እንግዳው ሰዓቱን ያያል። ሽቦው ቢበጠስ ኖሮ ፈተናው ይደገምለት ነበር። እኔም «ሰምቼ ነበር» ብል ይደገምለት ነበር። ረጅም መንገድ ነው፤ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ አንዲት ቃል ለመናገር ከበቂ በላይ ጊዜ ነበረኝ። ጭቃውን እያየሁ ቆምኩ።

ተመልሶ መጣ። እጁን በሱሪው ጠረገና፣ «ደህና ነው» አለ።  ዓይኑን ወደ እኔ አላነሣም። እንግዳው አውቶቡሱን ለመያዝ እየተቻኮለ ሄደ።

በዚያ ሳምንት ማንም ድንች አልቀቀለም። ፈንታሁን መስቀልን ሳይጠብቅ ወደ አገሩ ገባ። አስር አለቃ ቃላቸውን ጠብቀው ለማሠልጠኛው የሚሆነኝን ደብዳቤ ባማረ እጃቸው ጽፈው ሰጡኝ። «እጅህ ደህና ነው» ብለው ነበር የሰጡኝ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ እንዲያው ይመልሳሉ፤ ሱቁ ግባ ብለውኝ አያውቁም።

አዲስ አበባ ገባሁ፣ ሠለጠንኩ፣ ባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት በሬዲዮ ክፍል ተቀጠርኩ። ሞርስ የሚባለው ነገር ጥቂት ዓመት እንኳ አልቆየልኝም። በድምፅ የሚያነጋግር መሣሪያ መጣ፣ ቀጥሎ ስልኩ በየኪሱ ገባ፤ እኔንም ወደ ንብረት መጋዘን አዛወሩኝ። ያለ ዕድሜዬ ጡረታ እስክወጣ የመጋዘን በር ስከፍትና ስዘጋ ኖርኩ። የሰው በር ዘግቼ ያገኘሁት ይህንን ነው።

ፈንታሁንን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቼዋለሁ። ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ፣ ለአንድ ዘመድ ሠርግ ስሄድ ግምጃ ቤት ገበያ ላይ። ጋሪው ላይ ድንች በጆንያ ደርድሮ ይሸጥ ነበር። ከሩቅ አውቆኝ በስሜ ጠራኝ። ተቃቀፍን፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቹ ነገረኝ። አስር አለቃ ማረፋቸውን የሰማሁት ከእሱ ነው። ከዚያ ድንቹን እያገላበጠ፣ እንደ ድሮው ሳይቸኩል፣ ቃሉን መጀመሪያ በልቡ ብሎት ይመስለኛል፣ እንዲህ አለኝ፦

«አየነው፣ ያን ጊዜ በእውነት አልሰማኸኝም?»

ሁሉ ነገር ያለፈ፣ ማንም የማይጎዳበት ጊዜ ነበር። ሚስቱም ልጆቹም አጠገባችን አልነበሩም። በሩን ራሱ ከፍቶልኛል።

«አልሰማሁህም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ጎንበስ ብሎ ትልልቆቹን እየመረጠ አንድ ፌስታል ድንች ሞላና አስያዘኝ። ልክፈል ስለው አሻፈረኝ አለ። «ውሰድ። ራስህ ልጠህ ብላ» አለኝና ወደ ቀጣዩ ገዢ ዞረ።

ምን እንዳለኝ የገባኝ ሚኒባሱ ከተነሣ በኋላ ነው። ፌስታሉን ጉልበቴ ላይ እንደያዝኩ ደም ፊቴን ሞላው። ተጠይቆ ያላዘገየ ሰው ቅጣቱ ምን እንደነበር ከእኔና ከእሱ በቀር በዚያ ገበያ የሚያውቅ አልነበረም። ወራጅ አለ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ጥሊሊ የሚሄድ አንድ ገበሬ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ ምን ሆንክ ወንድሜ አለኝ። ምንም አልኩት።

ፈንታሁን አምና በየካቲት አረፈ። ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው። ለቅሶ ስደርስ ትልቁ ልጁ ወንበር አቀረበልኝና አባቴን ከየት ያውቁታል ብሎ ጠየቀኝ። በወጣትነታችን አብረን እንማር ነበር አልኩት። እጁን አየሁት፤ የአባቱ እጅ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ከሱቁ ተመልሼ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኩት ጀምሮ አልነካሁትም። ልጄ ሲመጣ ያስተካክልልኛል። ባለቤቴ ከወዲያኛው ክፍል ስትጠራኝ አሁን አሁን ብዙውን ጊዜ አልሰማትም፤ ሐኪሙም ቀኝ ጆሮህ ደክሟል ብሎኛል። ሰዎች ሲናገሩ ቀስ በሉልኝ እያልኩ መለመን ዕጣዬ ሆኗል፤ አንዳንዱ ያዘግምልኛል፣ አንዳንዱ አያዘግምልኝም። የስልክ ሱቋ ልጅ ምናልባት በእውነት አልሰማችኝ ይሆናል፤ ሱቁ ውስጥ ሙዚቃ ተከፍቶ ነበር፣ ውጭም ባጃጅ ይጮሃል። እኔ የነበርኩበት ሱቅ ግን ጸጥ ያለ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሰምቼዋለሁ።